የአባቴ ካምቢዮ ይቀየር አይቀየር

ባለፈው ሳምንት የመኪናዬን ዘይት ላስቀይር ገርጂ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ተራዬን ስጠብቅ፣ ከጎኔ በቆመ የጭነት መኪና ሥር አንድ ሰው በጀርባው ተኝቶ የካምቢዮውን ዘይት ወደ ሳፋ ያወርድ ነበር። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይደለም። ወፍራም ነው፤ ሽታውም ነጭ ሽንኩርት ከድኝ ጋር አብሮ የተቃጠለ ይመስላል። አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ናፍቆት ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ንዴት ቀደመው። አንድ ሰሞን የአባቴ እጅ፣ የአባቴ ሸሚዝ፣ የቤታችን በር መዝጊያ ሳይቀር ይህን ሽታ ይሸት ነበር። ያን ሰሞን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ የምጠብቅበት ዓመት ነበር። የምንኖረው ገርጂ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ገና በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ መሪ ሲያዞር የኖረ ሰው ነው። ያኔ በራሱ መኪና አሸዋና ብሎኬት ወደ ሲኤምሲና ወደ አያት ግንባታዎች ያመላልስ ነበር። መኪናው በዕድሜ ይበልጠኛል። ባለ ስድስት ጎማ የናፍጣ መኪና ነው፤ ቀለሙ ድሮ ሰማያዊ እንደነበር የሚያውቅ ብቻ ያውቃል። አባቴ ጠዋት ሊያስነሳው ሲወጣ እናቴ ብርጭቆዎቹን ከመደርደሪያው ጫፍ ወደ ውስጥ ገፋ ታደርጋቸዋለች፤ ሞተሩ ሲነሳ ቤቱ ይንቀጠቀጥ ነበርና።

የመኪናው ካምቢዮ የድሮ ስለሆነ ማርሽ ለመቀየር ጥበብ ይፈልጋል። የዛሬ መኪና ፍሪሲዮን ረግጠሽ ማርሹን ስትገፊው ይገባል። ያኛው እንደዚያ አልነበረም። ፍሪሲዮኑን ረግጦ ማርሹን ማውጣት፣ መልቀቅ፣ ነዳጅ ሰጠት አድርጎ የሞተሩን ድምፅ ማዳመጥ፣ ድምፁ ልክ ሲሆን እንደገና ረግጦ ማስገባት ነው። ከቀደምሽ ወይም ከዘገየሽ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ጩኸቱ ሰፈር ይሰማል። አባቴ ይህን ሲያደርግ ልጅ ሆኜ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ አይቻለሁ። ማርሹ መቼ እንደገባ አይታወቅም ነበር።

ከዚያ መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ በኋላ በየዳገቱ፣ በመጨረሻ ከግቢ ሲወጣም። አባቴ የማርሹን ዘንግ በሁለት እጁ ይገፋ ጀመር። ደጋግሞ ፍሪሲዮን ከመርገጡ የተነሳ የግራ ጉልበቱ አብጦ ማታ ማታ እናቴ በቅባት ታሸው ነበር። መካኒኩ ዘይቱን ሲያወርዱት የብረት ብናኝ አብሮ ወጣ። እኚህ መካኒክ የአባቴ የወጣትነት ወዳጅ ናቸው፤ ጋራዣቸው ከቤታችን ብዙ አይርቅም። ብናኙን በጣታቸው እያሹ "ይሄ አብቅቶለታል" አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ሰባት ወር የፈጀው ጭቅጭቅ የተጀመረው። መካኒኩ ከሌላ መኪና የወጣ፣ ብዙ ያልተሠራበት ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ አገኙ። ማርሹን ራሱ እያስማማ የሚያስገባ ነው፤ ጆሮም ጉልበትም አይፈልግም። ችግሩ ለዚያ መኪና የተሠራ አለመሆኑ ነው። የጋቢናው ወለል ይቆረጣል፣ አዲስ ማቀፊያ ብረት ይበየዳል፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ያጥራል። ለዓመቱ ምርመራ ስንቀርብ ምን እንደሚሉን አይታወቅም። ኦሎምፒያ ቢሮ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ከመጀመሪያው አልተቀበለውም።

"አሮጌ ሞተር ላይ አዲስ ካምቢዮ መግጠም ምን ሴንስ አለው?" ይል ነበር። "ነገ ደግሞ ሞተሩ ይቆማል። ይሽጠውና ይረፍ።"

እኔ ደግሞ ይቀየር ባይ ነበርኩ። ጉልበቱን እያየሁ መተኛት አቃተኝ። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ልደብቅ አልፈልግም። አባቴ "ዲግሪሽ እንጀራ ካልሰጠሽ መሪ ይሰጥሻል" ብሎ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ አድርጎኝ ነበር። የራሱን መኪና ግን አንድ ቀን አላስነካኝም። የተማርኩት በአዲስ መኪና ስለሆነ "ይሄኛው ላንቺ አይሆንም" ይለኛል። አዲሱ ካምቢዮ ቢገጠም እኔም እነዳለሁ ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር።

አባቴ ግን አይወስንም። አዲሱ ካምቢዮ መካኒኩ ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ በሸራ ተሸፍኖ ይጠብቃል። እኔና አባቴ ስንት ጊዜ እየሄድን እንዳየነው አላስታውስም። ሸራውን ይገልጣል። ጎንበስ ብሎ ዘንጉን በእጁ ያዞራል። መዳፉን ብረቱ ላይ አሳርፎ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ከዚያ እጁን በጨርቅ ይጠርግና ይነሳል።

"እህስ?" ይላሉ መካኒኩ።

"እናያለን" ይላል አባቴ።

"ምኑን ነው የምታየው? ካምቢዮ እኮ ነው፣ ሙሽራ አይደለም።"

"ኢንሻአላህ፣ እናያለን።"

ይህቺን ቃል ጠላኋት። ወንድሜ ሽጠው ሲለው "እናያለን"፤ እኔ ቀይረው ስለው "እናያለን"፤ እናቴ ሐኪም ጋ እንሂድ ስትለው "እናያለን"። አንድ ቀን ምሳ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና "አባዬ፣ አዎ በል ወይም አይሆንም በል፤ ሌላ ነገር አልጠየቅንህም" አልኩት። ትክ ብሎ አፌን አየኝ። ንቀት መስሎኝ ነበር። "እናያለን፣ ሆዴ" አለኝ። ከገበታው ተነስቼ ወጣሁ። እናቴ ተከትላኝ ወጥታ "አባትሽ ላይ ድምፅሽን አታንሺ" አለችኝ። ድምፄን ያነሳሁበት ጊዜ ቢኖር ያ ሰባት ወር ብቻ ነው፤ እሱም ምን ያህል እንደሚያሳዝን በኋላ ነው የተረዳሁት።

መስከረም ላይ፣ ፀሐይዋ ክረምቱ ያጠበውን ሁሉ በምታበራበት አንድ ጠዋት፣ ሲኤምሲ ለሚገኝ የግል ትምህርት ቤት የሥራ ማመልከቻ ላስገባ አብሬው ወጣሁ። አሁን የማስተምረው እዚያ ነው። አባቴ ብሎኬት ጭኖ ስለነበር መጀመሪያ እዚያው አካባቢ ወደሚሠራ አንድ ቤት ጎራ አልን። ማመልከቻዬን ጉልበቴ ላይ ይዤ፣ ማርሹ በጮኸ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ግንባታው ቦታ ደርሰን ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። የሚያየው በግራ በኩል ባለው መስታወት ነበር። የግንባታው ሠራተኞች ያሉት በቀኝ ነው።

መጀመሪያ አንድ ሰው "ቁም" አለ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉም። አካፋ የያዘ ሰው የመኪናውን ጎን ይደበድባል። እኔም ከጎኑ ሆኜ "አባዬ፣ ቁም" አልኩ። መኪናው ይሄዳል። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ መስታወቱን እያየ፣ እንደ ሁልጊዜው ከንፈሩን ገጥሞ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ክንዱን ይዤ ስጎትተው ነው ፍሬን የያዘው።

ስንወርድ አዲስ የተገነባው ግድግዳ ፈርሷል። ሲሚንቶ የምታቀብል አንዲት ሴት ጥቂት ራቅ ብላ አፈሩ ላይ ተቀምጣለች። ሻሿ ወልቆ፣ ፀጉሯ አቧራ ለብሶ፣ ባዶ እጆቿን ታያለች። ስትሸከምበት የነበረው ሳፋ ከኋላ ጎማው ሥር ተጨፍልቋል። ትንሽ ብትዘገይ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አልተናገረም። አባቴ አጠገቧ ሄዶ ቁጭ አለ። "ልጄ፣ ተጎዳሽ ወይ?" አላት። አልተጎዳሁም ስትል አንገቷን ነቀነቀች። ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቃት። ለሰዎቹም ግድግዳውን መጥቼ አቆማለሁ አላቸው፤ በማግስቱም ማልዶ ሄዶ ብሎኬት ሲያቀብል ነው ያረፈደው። ያን ጠዋት ግን የመኪናውን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠና "መካኒኩን ጥሪው፣ እሱ ይውሰደው" ብሎ በእግሩ ሄደ። ከሲኤምሲ ገርጂ ድረስ በእግሩ።

መካኒኩ ከሰዓት በታክሲ መጡ። ፍሬኑን ፈተሹ፣ ደህና ነው። ብሎኬቱ ከተራገፈ በኋላ ጋቢና ገብተን ጉዞ ጀመርን። እኔ ስለ ጠዋቱ ሳይሆን ስለ ካምቢዮው ነበር የማወራው። ይኸው፣ ውሳኔ ስላጣን ሰው ልንገድል ነበር፤ ዛሬ ቤት ስገባ አልለቀውም፤ እያልኩ እለፈልፋለሁ። የሞተሩ ጩኸት ከለከለው እንጂ ይሰማን ነበር፣ ማርሹ ባያስቸግረው ኖሮ ሐሳቡ አይከፋፈልም ነበር እላለሁ። መካኒኩ ይነዳሉ። ወደ ዋናው መንገድ ወጣን፣ ፍጥነት ጨመርን፣ መገናኛ ስንቃረብ የመኪናው ሰልፍ ያዘንና ቀነስን።

ከዚያ መንገዱን ዳር ይዘው አቆሙት።

"ሰምተሻል?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ምንም። ምንም አልሰማሽም አይደል? ከሲኤምሲ እስከዚህ ስንት ጊዜ ማርሽ ቀየርኩ። አንዴ አልጮኸም።"

እውነታቸውን ነበር። እኔ ስለፈልፍ ልብ አላልኩትም።

"ያረጀ ካምቢዮ ነው፣ ግን ይሠራል፤ ብናኙም ማርሹ ያለ ጊዜው ሲገባ የተፋጨ ነው" አሉ። መሪውን ይዘው ፊት ለፊት እያዩ ቀጠሉ። "ሁልጊዜ ራሱ እየነዳ ነው የሚያመጣልኝ። ጩኸቱን ከሩቅ እሰማና ካምቢዮው ነው እላለሁ። እኔ አንድ ቀን ልንዳው አላልኩም። ልጄ፣ አባትሽ መስማት ካቆመ ስንት ጊዜው ነው?"

የቴሌቪዥኑ ድምፅ ትዝ አለኝ፤ አባቴ ቤት ሲገባ ከፍ የሚያደርገውና ሁላችን የምንበሳጭበት። መስጊድ የሚሄደው አዛን ሲሰማ ሳይሆን ሰዓቱን እያየ መሆኑ ትዝ አለኝ። ምሳ ላይ አፌን ትክ ብሎ ያየበት አስተያየት። ከሁሉ በላይ ያ "እናያለን"። ለማንኛውም ጥያቄ መልስ መሆን የሚችል ቃል ነው። ምን እንደተጠየቀ ያልሰማ ሰው "እናያለን" ቢል ማንም አይነቃበትም።

"አዲሱን ብገጥምለት መንዳት ይችላል" አሉ መካኒኩ። "ማዳመጥ አያስፈልገውም። ማንም ሳያውቅበት ጥቂት ዓመት ይነዳል። ዛሬ ጠዋት የሆነውን ግን አንቺ ነሽ ያየሽው።"

ሰባት ወር ሙሉ ይቀየር ብዬ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። ያን ከሰዓት፣ መገናኛ መንገድ ዳር፣ ታክሲዎች ጥሩንባ እየነፉ ሲያልፉን፣ አይቀየር ያልኩትም እኔ ነኝ። ስናገረው ደስ አላለኝም። ማን ላይ መናደድ እንዳለብኝ ግን አላውቅም ነበር፤ ያ ነው የባሰው።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። አባቴ ግድግዳውን አቁሞ፣ ታጥቦ፣ ጁምዓ ሰግዶ ተመልሶ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ነጭ ቀሚሱን እንደለበሰ ነው። ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ አድርጌ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ መካኒኩ ነድተውት ነበር። አልጮኸም።"

መኪናውን አየ።

"ካምቢዮው አይደለም" አልኩ። "ጆሮህ ነው።"

ጎረቤት ልብስ ታጥባለች፤ ውሃው ሲንቧቧ እሰማለሁ፤ እሱ እንደማይሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ አውቄ ነው የሰማሁት።

"እናትሽ ታውቃለች?" አለ።

"እኔ አልነገርኳትም።"

"ታውቃለች" አለ ራሱ መልሶ። "ከኋላዬ ሆና ማናገር ከተወች ሁለት ዓመት ሆናት። መጥታ ፊቴ ትቆምና ነው የምታናግረኝ።"

"ታዲያ ለምን አትነግረንም?" ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። "ሰባት ወር ስለ ብረት ስንጨቃጨቅ እያየህ ለምን ዝም አልክ? አልቀይርም ማለት አቅቶህ ነው? ቀይሩልኝ ማለት አቅቶህ ነው?"

"ሁለቱም" አለ።

እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያሸዋል።

"ሹፌር ጆሮው ሞተ ከተባለ ምን ይቀረዋል? ይሄን ለመናገር ምላሴ እምቢ አለኝ። ካምቢዮውን ደግሞ ወላሂ እፈልገዋለሁ። ሄጄ ባየሁት ቁጥር እፈልገዋለሁ። ግን እሱ ከተገጠመልኝ አላቆምም። ራሴን አውቀዋለሁ። አንድ ሰው እስክደፈጥጥ ድረስ አላቆምም። ትናንት እንኳን ሳይገጠምልኝ..." አልጨረሰውም።

ሰባት ወር ሙሉ ውሳኔ ያቃተው፣ ደካማ ሰው አድርጌ ያየሁት አባቴ ሸራውን እየገለጠ ከራሱ ጋር ሲታገል ነበር። እጄን ጉልበቱ ላይ አደረግኩ። ይቅርታ ልለው ፈለግኩ፤ ግን ሌላ ሰው ጆሮ እስኪደርስ ጮክ ብሎ ይቅርታ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሳልለው ቀረሁ። ዛሬ አባቴ የለም፤ እስካሁንም ከሚያንገበግቡኝ ነገሮች አንዱ ነው። የጆሮ ሐኪም በኋላ እንደነገረን ዕድሜ ልኩን የሞተር ጩኸት ሲገባበት የኖረ ጆሮ ነው፤ ማዳመጫ ቢሰጠውም ብዙ አልረዳውም።

መኪናውን አያት አካባቢ የሚኖር አንድ የአሸዋ ነጋዴ ገዛው። ወንድሜ "ይኸው፣ ከመጀመሪያው ብያለሁ" ሊል አፉን ከፈተና የአባቴን ፊት አይቶ ተወው። መካኒኩ ሰባት ወር ቦታ ያጣበባቸውን ካምቢዮ ለሌላ ሰው ገጠሙት። የማስረከቢያው ቀን ጠዋት አባቴ የሹፌሩን በር ከፍቶ ቆመና "ግቢ" አለኝ።

እንደተማርኩት አስነሳሁት። አንደኛ ማርሽ ገባ። ሁለተኛውን ስሞክር ግን ጮኸ። ጩኸቱ በዘንጉ በኩል ክንዴ ውስጥ ገባ። እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና ጮኸ። ሞተሩን ላዳምጥ ብል የምሰማው አንድ የተቀላቀለ ጫጫታ ብቻ ነው። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋ። ንዴቴ እንባ ሊሆን ደረሰ።

አባቴ መዳፉን እጄ ላይ አሳረፈ። መንገዱን አያይም፣ እኔንም አያይም፤ መሪም ፍሪሲዮንም ስለሌለበት ሐሳቡ ሁሉ መዳፉ ላይ ነው። ነዳጅ ሰጠሁ፤ ዘንጉ ከእጄ ሥር ሲርገበገብ ቆይቶ ትንሽ ረገብ አለ።

"አሁን" አለ።

ገባ። ድምፅ አላሰማም።

እስከ አያት እንደዚያ ሄድን። ሦስተኛው ላይ "አሁን"፣ አራተኛው ላይ "አሁን"። ወደ መጨረሻው ላይ እሱ ሳይናገር እኔም መዳፌ ላይ እየተሰማኝ መጣ። ገዢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አባቴ ቁልፉን ሰጠው፣ ጎማውን በእግሩ መታ አደረገ፣ ዞር ብሎም አላየውም።

ስንመለስ በታክሲ ነው። አባቴ በታክሲ መሳፈር አልለመደም፤ መገናኛ ወርደን የገርጂውን ስንይዝ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገብቶት ጎንበስ እንዳለ ቆመ። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ታክሲው ሞልቷል፣ ሬዲዮኑ ተከፍቷል፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጣል። አባቴ ሰዎቹን ተራ በተራ አያቸው። አንድ ሰው ፈገግ አለ፣ ሌላዋ ሳቀች። አባቴ ፈገግታ ሞከረና ተወው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"ምን እያለ ነው?" አለኝ።

ስንት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

"ሬዲዮኑ ነው?"

"እህ። ምን ብሎ ነው የሚስቁት?"

ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ ነገርኩት። አንድ ሰውዬ ሚስቱ ግዛ ያለችውን ዕቃ ረስቶ ሌላ ነገር ገዝቶ ስለ መግባቱ የሚያወራ ቀልድ ነበር። ድምፄን ከፍ ማድረግ ስለነበረብኝ ከፊት የተቀመጡት ዞረው አዩን። አባቴ አላፈረም።

"እሺ፣ ከዚያስ?" አለ።

ከዚያ ማስታወቂያ መጣ። ስለ ሳሙና ነው አልኩት። ከዚያ ስለ አየሩ ሁኔታ፣ ከዚያ ስለ አንድ የተዘጋ መንገድ። ምንም የማይረባ ነገር ነበር፤ አንዱንም ሳልዘል እየጮህኩ ገርጂ ድረስ ነገርኩት። እሱም ጆሮውን ወደ አፌ አዘንብሎ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ውጭ አድርጎ፣ ያዳምጠኝ ነበር።